ዛሬ ስለ ውሻ ነው

ፖለቲካውን ለዛሬ ተውት፤ ስለ ውሻ ነው የምጽፈው። አትሳቁ።

ሰሞኑን ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ አንድ ወንድማችን «ዊልቸርና ውሻ ካየሁ ካንስል አድርጌ ነው የምነዳው» አለ። ልጁ ክፉ አይደለም። ያደግንበትን ሰፈር አስቡት፤ ውሻ ማለት ግቢ በር ላይ ታስሮ የሚጮህ፣ ማታ በመንጋ የሚዞር፣ ከነከሰ ደግሞ የእብድ ውሻ መርፌ ፍለጋ የሚያስሮጥ ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንን የምራቁ ነገር ያሳስባቸዋል። ይገባኛል። ግን ሰርቪስ ዶግ ሌላ ነገር ነው።

ፒችትሪ ሮድ ላይ ያለውን ሼፐርድ ሴንተርን የማያውቅ የአትላንታ ሾፌር ያለ አይመስለኝም። ጄምስ ሼፐርድ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1973 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ባሕር ውስጥ ማዕበል መትቶት አከርካሪው ተጎዳ። እዚህ አካባቢ ለእንዲህ ያለ ጉዳት የሚሆን ማገገሚያ ስላልነበረ እስከ ዴንቨር ተወሰደ። ቤተሰቡ በ1975 በ6 አልጋ የጀመረው ነው ዛሬ የምናየው ትልቅ ሆስፒታል።

ወደዚያ የማመላልሰው አንድ ደንበኛ አለኝ። ጣሪያ ሲሠራ ወድቆ ከደረቱ በታች አይሰማውም። ጥቁር ላብራዶር አብሮት አለ። የድሮ ሙያዬ ሆኖ መጀመሪያ ያየሁት ሚዛኑን ነው። እኛ የወደቀ ቁልፍ ለማንሳት ስናጎነብስ የሆድና የወገብ ጡንቻ ይዞን ነው። እሱን ያ ጡንቻ አይታዘዘውም። ብዙ ካጎነበሰ ክብደቱ ከፊት ጎማው አልፎ ራሱ ይወድቃል። ስለዚህ መሬት ላይ የወደቀ ስልክ ለእሱ ሌላ ፎቅ ላይ እንዳለ ነው። ውሻው ስልኩን በጥርሱ አንስቶ ጭኑ ላይ ያስቀምጥለታል፤ አንዲት ጭረት የለውም። እጀታው ላይ የታሰረውን ገመድ ጎትቶ በር ይከፍታል። መብራት በአፍንጫው ያበራል።

ሰውየው ራሱ የሚያነሳው ግን ይህን አይደለም። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ከገባ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከአልጋ ሳይወርድ የሚውልባቸው ሳምንታት ነበሩ። ውሻው ሲመጣ ግን ጠዋት ጠዋት መውጣት አለበት፤ መብላት አለበት። «ለራሴ ስል መነሳት አቅቶኝ ነበር። ለእሱ ስል ተነሳሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ አላመለጠውም፤ እኔ ነኝ ምስክሩ።

እንዲህ ያሉ ውሾች ዝም ብለው አይገኙም። ከከተማችን በስተሰሜን ሚልተን የሚገኘው ካናይን አሲስታንትስ ከ1991 ጀምሮ ውሾች እያሠለጠነ ለአካል ጉዳተኞች በነፃ ይሰጣል። መሥራቿ ጄኒፈር አርኖልድ በልጅነቷ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይዟት ዊልቸር ላይ የነበረች ናት።

አሁን ወደ ሥራችን። የአካል ጉዳተኞች ሕጉ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈቅድልን፦ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ሰርቪስ ዶግ ነው ወይ? ምን ሥራ እንዲሠራ ሠልጥኗል? አለቀ። ወረቀት አሳየኝ ማለት የለም፣ ሕመምህ ምንድን ነው የለም፣ ተጨማሪ ሂሳብ የለም። «አለርጂ አለብኝ»ም «እፈራለሁ»ም ሕጉ አይቀበለውም። ውሻው ካስቸገረና ባለቤቱም መቆጣጠር ካልቻለ ግን ማስወረድ ይቻላል።

የምራቁ ነገር የሚያሳስባችሁ ወለሉ ላይ የሚታጠብ ምንጣፍ ዘርጉ፤ ውሻው የሚተኛው እግር ሥር ነው። ቁርኣንም የዋሻውን ወጣቶች ሲያወሳ ውሻቸውን አልዘለለም። የእኛም ወንጌል ቢሆን፣ የአልዓዛርን ቁስል ይልሱ የነበሩት ውሾች እንጂ ባለጸጋው አልነበረም። ደግሞ ሥራ ላይ ያለ ውሻ አይዳበስም፣ ምግብም አይሰጠውም። ይሄኛው ለእኔም ከብዶኛል፣ ዓይኑ ያሳዝናል።

ደንበኛዬ ከዊልቸሩ ወደ መቀመጫው በሰሌዳ ተንሸራቶ ሲገባ ውሻው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። እግሩን ጎትቶ እስኪያስተካክል ንቅንቅ አይልም። አሁን 9 ዓመቱ ነው፤ ሲዘል ያመነታል። ባለፈው ማክሰኞ ባለቤቱን አስፈቅጄ ከኋላ ደግፌ አስገባሁት።