ትንሿ የፍላጻ ጫፍ

የአዳኝ ችሎታ የሚመዘነው ቀስቱን በሚገትርበት ቅጽበት ብቻ አይደለም። ገና ፍላጻውን ሲያበጅና ጫፉን ሲመርጥ፣ ስለሚያድነው እንስሳ ምን ያህል እንደሚያውቅ ይገለጣል። ለድኩላ የሚሆነው ሰፊና ስለታም ጫፍ ሥጋን ሰንጥቆ ደም እንዲያፈስ የታሰበ ነው። ያው ጫፍ ቆቅ ወይም ጥንቸል ላይ ሲያርፍ ግን ለእራት የታሰበውን ሥጋ ይበጣጥሳል፤ ዒላማውን ከሳተም ከዛፍ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። በብዙ አገሮች የወፍ አዳኞች ዱልዱም ጫፍ ያለው ፍላጻ መምረጣቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ዱልዱሙ አይወጋም፤ በክብደቱ መትቶ ያደነዝዛል። የሳይቤሪያ አዳኞችም ቆዳው የሚፈለገውን ትንሽ እንስሳ በዚሁ ዓይነት ፍላጻ ይመቱ ነበር። እንግዲህ የጫፍ ምርጫ ማለት ኃይልን ከዓላማ ጋር ማመጣጠን ነው።

ይህ የማመጣጠን ጥበብ በአገራችን ምድር ረጅም ታሪክ አለው። ከሰበታ በስተደቡብ፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ፣ ከአጎራባቹ ባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጥንት ሰዎች በዚያ ባልጩት የተባለውን ጥቁርና አብረቅራቂ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየፈለጡ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ መሣሪያ ሠርተውበታል። በዝዋይ አካባቢ በጋደሞታ የተገኙት 279,000 ዓመት ያህል ያስቆጠሩ የባልጩት ጫፎች ደግሞ በእንጨት ላይ ታስረው ለሚወረወር ጦር እንዳገለገሉ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ።

ከጦር ወደ ፍላጻ የተደረገውን ጉዞ ለማየት ወደ መተማ ቆላ መውረድ ያስፈልጋል። በሽንፋ ወንዝ ዳር የተካሄደው ጥናት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ፣ ከ74,000 ዓመታት ገደማ በፊት የተሠሩ ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎችን ለዓለም አሳወቀ። መጠናቸውና በግጭት የተሰባበሩበት ሁኔታ የፍላጻ ጫፎች እንደ ነበሩ ይጠቁማል። በዚያው ስፍራ በሩቅ ሱማትራ ከፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ የመጡ፣ በዓይን የማይታዩ የአመድ ቅንጣቶች ተገኝተዋል። አየሩ ሲደርቅና ወንዙ ወደ ኩሬነት ሲቆራረጥ፣ ነዋሪዎቹ ከሚዳቋ መሰል እንስሳት እስከ ጦጣ ያድኑ ነበር፤ ከኩሬዎቹም ዓሣ አብዝተው ይበሉ ጀመር። ድንጋዩ ያነሰው የሠሪው እጅ ስለ ደከመ አይደለም። ቀላል ጫፍ በቀላል ዘንግ ላይ ሆኖ ፈጥኖ ይበርራል፤ በከባድ ጦር የማይደረስበትን ፈጣን እንስሳ ይደርስበታል። ክፉ ዘመን ትንሹን ነገር አጥርቶ ማየትን ሳያስተምር አልቀረም።

እንዲህ የሚመዝን እጅ ዛሬም በአዲስ አበባ ዙሪያ አልጠፋም። የሱሉልታ እረኛ ለወንጭፉ ድንጋይ ሲለቅም ጠፍጣፋውን ጥሎ ድቡልቡሉን ይመርጣል፤ ጠፍጣፋው በአየር ላይ እንደሚያፈነግጥ ማንም በመጽሐፍ አላስተማረውም። ነገር ግን ድንጋዩ የሚያነጣጥርበት ሜዳ እንደ ቀድሞው አይደለም። በሱሉልታ ረግረግና በቡራዩ አጠገብ ባለው የገፈርሳ ሐይቅ ዳር የሚታየው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ወፍ ነው። ቤትና ፋብሪካ በሜዳው ላይ እየገፋ ሲሄድ የወፉ መጠጊያ ይጠብባል። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንንም ሕግ ይከለክላል።

ታዲያ ወፉን ለማዳን ሲባል የእጁ ዕውቀት መጥፋት አለበትን? የለበትም። መምህሩ ተማሪዎቹን ከሰበታ ወደ መልካ ቁንጡሬ ወስዶ ባልጩት እንዴት እንደሚፈለጥ ቢያሳይ፣ ወንጭፍ የያዘውም ልጅ በገለባ ዒላማ ላይ ቢለማመድ፣ ምዘናው ከነሙሉ ክብሩ ይተላለፋል። ሠዓሊውና ቀራፂውም ከዚያች ትንሽ ድንጋይ አንድ ነገር ይማራሉ፦ ከሚያስፈልገው በላይ ያልከበደ ሥራ ሩቅ ይሄዳል። የሽንፋው ሠሪ ለመኖር ሲል የተማረውን ልክ ማወቅ፣ የዛሬው ትውልድ ደግሞ ሌላውን ፍጡር ለማኖር ሊጠቀምበት ይገባል።