በጋንጌስ ዳር የሚቆጠር ዘመን

ቀድሞ ቤናሬስ ትባል የነበረችው የሕንድ ከተማ ቫራናሲ በጋንጌስ ወንዝ ምዕራባዊ ዳር ትገኛለች። ወደ ውኃው ከሚወርዱት የድንጋይ ደረጃዎቿ በአንዱ ላይ በማለዳ ብንቆም፣ «ሳንካልፓ» የተባለውን የሳንስክሪት ቃል እንሰማለን።

ለሞተው አባቱ ውኃ ሊያፈስ የመጣ ልጅ ካህኑን እየተከተለ አስቀድሞ የቆመበትን ዘመንና ስፍራ ይናገራል። «አድያ»፣ ማለት «ዛሬ» ይልና፣ በብራህማ ዕድሜ ሁለተኛ እኩሌታ፣ በነጭ ከርከሮ ስም በተሰየመው ካልፓ፣ በካሊ ዩጋ፣ በባራታ ምድር እያለ እስከ ወሩና እስከ ዕለቱ ይወርዳል። አንድ ካልፓ 4,320,000,000 ዓመት ነው። ካሊ ዩጋ ግን 432,000 ብቻ ሲሆን፣ በአገሩ ሊቃውንት አቆጣጠር የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3102 ዓመት ነው። የልጁ ስም የሚጠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ተርጓሚው ካልፓውንም ዩጋውንም «ዘመን» ብሎ ቢያልፍ ልጁ የወረደበት ደረጃ ሁሉ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ስሞቹን እንዳሉ መተው ይሻላል እንላለን። ሰዋስዉ ግን ለአማርኛ ይመቻል። ሳንስክሪት ለቦታም ለጊዜም በቃሉ መጨረሻ አንድ ዓይነት ምልክት ያደርጋል፤ እኛም «በቤት»፣ «በሌሊት» ስንል አንዲቱን «በ» በመጀመሪያው ላይ እናውላለን። እንግሊዝኛ ግን ለወሩ አንድ፣ ለዕለቱ ሌላ መስተዋድድ ይሻል። በአማርኛ ልጁ በወንዙ ዳር እንደ ቆመ በዘመኑም ውስጥ ቆሞ ይታያል።

የሚያስቸግረው «ካላ» የሚለው ቃል ነው፤ ጊዜም ሞትም ማለት ነውና። ስለ ሟች «ቀኑ ደረሰ» የምንለው አነጋገር ወደዚህ ሳይቀርብ አይቀርም።