የላስቲኩ የዘር ሐረግ

ሚኒሶታ ውስጥ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ክረምት ላይ በመስኮቱ ይታወቃል፤ ያልበዋል። ውጭ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሆኖ፣ ቤዝመንት ምጣድ ተጥዶ፣ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። ያ ሁሉ ውኃ የት ይገባል ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛም የጠየቅነው የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ቡናማ ካርታ ማውጣት ሲጀምር ነው።

የጠራነው ባለሙያ የአገር ልጅ ነው። ቀና ብሎ አየና፣ "ወንድሜ፣ ላስቲክ መልበስ አለበት" አለ።

"ለምን?"

"ሕጉ ነዋ!"

"ሕጉስ ከየት መጣ?"

መልሱ ዝምታ ሆነ፤ ዋጋውም በልቡ የጨመረ ይመስለኛል። እኔ ግን ቤቴ የሚገባ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠየቅ አይገባም ከሚሉ ሰዎች ወገን ነኝ። ላስቲክም ቢሆን ዘሩ ይቆጠር።

ሐረጉ የሚመዘዘው ከጠብ ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካውያን የእንጨት ግድግዳቸውን ክፍተት በኢንሱሌሽን ሲሞሉ የውጭው ቀለም ይላላጥ ጀመር። ቀቢዎቹ "ይኼ ነገር ውኃ ይስባል" ብለው ከሰሱ። ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ፤ አንዱ ቲስዴል፣ ማዲሰን ካለው የመንግሥት የእንጨት ምርምር ቤተ ሙከራ፤ ሌላው ፕሮፌሰር ፍራንክ ራውሊ፣ ከዚሁ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድሮ ሙቀቱ በግድግዳው እየባከነ የውጩን እንጨት ያሞቀው ነበር። ኢንሱሌሽኑ ሙቀቱን ሲያስቀር እንጨቱ ቀዘቀዘ፤ ሰርጎ የደረሰበት እንፋሎትም ውኃ ሆነ። ስለዚህ እንፋሎቱ ከሞቃቱ ወገን ይታገድ ተባለ። ሐሳቡ በ1940ዎቹ ከግንባታ መመሪያ ውስጥ ገባ። ያኔ ማገጃው ሬንጅ የተቀባ ወረቀት ነበር። ፖሊኢትሊን የተባለው ላስቲክ በ1933 እንግሊዝ አገር በአንድ ሙከራ መሀል ሳይታሰብ የተወለደ ነው፤ ወደ ግድግዳው የመጣው በኋላ ነው።

የዘር ቆጠራው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ላስቲኩ የተቀጠረው በግድግዳ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሰርገውን እንፋሎት ሊያግድ ነው። ዋናው ሌባ ግን በቀዳዳ የሚወጣው አየር ሆኖ ተገኘ። የሕንፃ ፊዚክስ ባለሙያዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት ስሌት አለ፤ በቀዝቃዛ አገር አንድ ባለ 4 በ8 ጫማ ድራይዎል ክረምቱን ሙሉ የሚያሰርገው ውኃ ከሊትር ሲሶ አይበልጥም። በዚያው ሰሌዳ ላይ 1 ኢንች ካሬ ቀዳዳ ካለ ግን 28 ሊትር ገደማ ይሾልካል። ባለ 20 ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል!

እንግዲህ ገንዘቡ ከላስቲኩ ይልቅ ለማሸጊያው ይሁን። ሲሊኮን ፖሊኢትሊን ላይ አይዝም፤ ያ ግራጫ ቴፕ ደግሞ ደርቆ ይረግፋል። የሚሆነው ለዓመታት ሳይደርቅ የሚቆየው ጥቁሩ ማሸጊያ ነው። ካናዳውያን ግንበኞች "ጥቁር ሞት" ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው፣ ልብስ ከነካ ልብሱ አለቀለት። በጭስ ማውጫ ዙሪያ ግን ቆርቆሮና እሳት የሚችል ማሸጊያ እንጂ ላስቲክ አይጠጋም። ፋይበርግላስ ሙቀት ይይዛል፣ አየር አይይዝም፤ ከኮርኒስ በላይ ጠቁሮ ካያችሁት አየር እያጣራ ነውና ከሥሩ ቀዳዳውን ፈልጉ። ተነፍቶ የሚደነድነው አረፋ 5 ሴንቲሜትር ከሆነ እንፋሎቱንም ራሱ ያግዳል፤ ዋጋው ግን ያስጨንቃል።

ሂውስተን ያላችሁ ዘመዶች ይህን አንብባችሁ ከውስጥ ላስቲክ እንዳታለብሱ አደራ። እናንተ ዘንድ ወበቁ ውጭ፣ ቅዝቃዜው ከኤሲው ነው፤ ውኃው ላስቲኩ ጀርባ ተጠራቅሞ ይሻግታል። ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ ላስቲክ ከመግዛታችሁ በፊት ከምጣዱ በላይ ያለው ማራገቢያ እንፋሎቱን ወደ ደጅ ይሁን ወደ ኮርኒሱ እንደሚተፋው ወጥታችሁ እዩ።