ከሳሩ ጀርባ

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው ነገር አለ። ብነግራቸው “ታዲያ ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው?” ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ። ጓሮ ማስተካከል፣ ድንጋይ መደርደር፣ ሳር መትከል በየትኛውም ትእዛዝ አልተከለከለም። እንዲያውም ሰው ያመሰግነኛል፤ ለማኅበር የመጡ እንግዶች “እጅሽ ይባረክ” እያሉ ፎቶ ተነሥተውበታል። እኔ ግን ያን ጓሮ ያስዋብኩት ለመደበቅ ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ቤታችን ከፍታ ላይ ተቀምጦ ጓሮው ወደ ታችኛው ጎረቤት ያዘቀዝቃል። አፈሩ ዝናብ ሲነካው የሚያዳልጥ፣ ሲደርቅ ዶማ የሚመልስ ቀይ ሸክላ ነው። ልጆቹ “መዋኛ፣ መዋኛ” ሲሉ ከረሙ። ተቆፍሮ የሚሠራው ዋጋው የሚቀመስ ስላልሆነ ከመሬት በላይ የሚቆመውን፣ ግድግዳው ብረት ውስጡ ፕላስቲክ የሆነውን ክብ ገንዳ መረጥን። ከዳር እስከ ዳር 24 ጫማ ነው፤ 7 ሜትር ከ30 ያህል።

እንዲህ ያለው ገንዳ በመሬት ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። 1 ሜትር ከ20 ያህል ሲሞላ ወደ 51 ሺህ ሊትር ይይዛል፤ 51 ቶን ማለት ነው። መሬቱ ካጋደለ ክብደቱ ወደ ዝቅተኛው ወገን ያደላል፣ ግድግዳው ይወጠራል፣ ሲብስም ተቀዶ ጓሮውን በጎርፍ ይሞላል። ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው ልዩነት ከዳር እስከ ዳር አንድ ኢንች ብቻ ነው። ባለቤቴ ዝቅ ያለውን በአፈር እንሙላው አለ። ሙሌት ግን የቱንም ያህል ቢጠቀጠቅ ውሎ አድሮ መስመጡ አይቀርም፤ ደንቡ ከፍ ያለውን ወገን ከዝቅተኛው እኩል እስኪሆን ቆርጦ ማውረድ ነው። ጉልበት የሚጨርሰውም ይኸው ነው።

ከመቆፈር በፊት 811 ላይ መደወል ግድ ነው። ሰዎች መጥተው ከመሬት በታች ያለውን መስመር በቀለም ያሰምራሉ፤ ጋዙን በቢጫ፣ መብራቱን በቀይ፣ የመጠጥ ውሃውን በሰማያዊ። ሰማያዊዋ መስመር ከመንገዱ ተነሥታ ቀጥ ብላ ወደ ቤታችን ገባች። ቆሜ አየኋት። አዲስ አበባ ኮልፌ ያለችው እናቴ ትዝ ያለችኝ ያኔ ነው።

እናቴ ዘንድ ውሃ በፈረቃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሌሊት ስለሆነ ቧንቧውን ከፈት አድርጋ ትተኛለች፤ ጠብታው ባልዲው ላይ መንኳኳት ሲጀምር ትነሣለች። በርሜሉን ትሞላለች፣ ጀሪካኖቹን ትሞላለች፣ ድስት ሳይቀር ትሞላለች። ጠዋት ስደውልላት የመጀመሪያው ወሬ “ውሃ መጥታ አደረች” የሚል ከሆነ ድምፅዋ ላይ ደስታው ይታወቃል። ገንዘብ ልኬ ሮቶ አስገዝቼላታለሁ። “ሮቶ እኮ ውሃ አይወልድም ልጄ” አለችኝ፣ መርቃኝ ስታበቃ። ከዚያ በኋላ ሮቶውን ሳስብ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ገንዳውን በጎማ ስንሞላ ቀንና ሌሊት ፈሰሰ። ሌሊት ተነሥቼ በመስኮት አየሁት። ያደረግሁትን እዚህ ልናገር፤ በጀሪካን አሰላሁት። በባለ 20 ሊትሩ ከ2,500 በላይ ነው። ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

በማግሥቱ በቪዲዮ ስንነጋገር እናቴ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ “ያ ከኋላሽ ያለው ሰማያዊ ነገር ምንድነው?” አለችኝ። “የልጆች መጫወቻ ነው እማዬ” አልኳት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ስልኩን ወደ አጥሩ አዞርኩት።

የአትክልት ሥራዬ የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በእርግጥ መደረግ የነበረበት ሥራ ነበር፤ ሰበብ አላጣሁም። የተቆረጠው ወገን ገደል መስሎ ስለቀረ መያዝ ነበረበት። አፈሩን መልሶ ከገንዳው ግድግዳ ጋር ማስጠጋት አይሆንም፣ ብረቱን ያዝገዋል፣ ይገፋዋልም፤ በመሐል ሰው የሚያልፍበት ያህል ይተዋል። አንድ ረጅም ግንብ ከማቆም ሁለት አጫጭር እርከን ሠራን። የመጀመሪያው የድንጋይ ረድፍ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ከኋላው ጠጠር ይሞላል፣ ከጠጠሩ ሥር የተበሳሳ ቱቦ ይዘረጋል፤ ውሃ ከግንቡ ጀርባ ከተጠራቀመ ግንቡን ይዞት ይወርዳልና። ውሃ ልኩን በየድንጋዩ ላይ እያስቀመጥኩ አረፋዋ መሐል እስክትቆም በመዶሻ መታ መታ ማድረግ እንዴት ያለ ደስታ እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ልብ ወጣ ገባ መስበክ ቀላል ነው፤ እሱን ለሰባኪዎች ልተው።

በገንዳው ዙሪያ መሬቱ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አደረግን። የሚወርደው የዝናብ ውሃ ደግሞ የት ይሂድ? ተዳፋቱ የሚያደርሰው ታችኛው ጎረቤታችን በር ላይ ነው። ሽማግሌ ሰው ናቸው። ቦዩን ወደ ራሳችን ጥግ መልሰን፣ ጎድጎድ አድርገን፣ ውሃ የሚወዱ ተክሎች ሞላንበት፤ ጎርፉ እዚያው ይሰርጋል። ሰውዬው መጥተው እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ፣ ደግ ጎረቤት አሉኝ። እኔ ያሰብኩት ጎርፉ ቢደርስባቸው የሚመጣብንን ክስ ነበር፤ ካውንቲው ለእንዲህ ያለ ሥራ ከወጪው ከፊሉን እንደሚመልስም ሰምቼ ነበር። ምስጋናውን ግን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። አሁንም በገና ኬክ ይልኩልኛል።

ወደ ሳሮቹ ልምጣ። በእርከኖቹ ላይ በመሬት የሚሳብ የጽድ ዘር ተከልኩ፤ ሥሩ አፈር ይይዛል። ለገንዳው የቀረበውን ቦታ በወንዝ ድንጋይ ሸፈንኩ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ነፋስ ሲመጣ ውሃው ውስጥ ይገባልና። ንብ የሚጠራ አበባ አራቅሁ። ከሰው የሚረዝሙትን የጌጥ ሳሮች የት ልትከል ስል ግን ፀሐዩንም አፈሩንም አላየሁም። በረንዳው ላይ ለእናቴ የምደውልበት ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፤ የስልኬን ካሜራ ከፈትኩ፤ ገንዳው የሚታይበትን አቅጣጫ ለየሁ፤ ልጄን እንጨት አስይዤ “ትንሽ ወደ ግራ” እያልኩ ምልክት አስደረግሁ። እንግዶቹ አሰካኩን ያደንቃሉ።

እነዚህ ሳሮች አንድ ጠባይ አላቸው። ክረምቱ ሲወጣ፣ መጋቢት ላይ፣ ከመሬት ስንዝር ያህል ቀርቶ መታጨድ አለባቸው፤ እስኪያቆጠቁጡ ገንዳው ራቁቱን ይቆማል። በዚያ ወራት የምደውለው ከኩሽና ነው። ዘንድሮ ትንሹ ልጄ ስልኩን ነጥቆኝ እየሮጠ ወጣ። ስደርስበት እናቴ ከእሱ ጋር ትሥቃለች።

“አንቺ፣ ውሃውን በየዓመቱ ትቀይሩታላችሁ?” አለችኝ። ልጁ ድሮ ነግሯት ኖሯል።

“አይ እማዬ። በማጣሪያ ይዞራል፣ ክሎሪን ይጨመርበታል። ያው ውሃ ነው።”

“እሱስ ደህና” አለች።

እንድትቆጣኝ ጠበቅሁ። ብትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ፤ የምመልሰውንም አዘጋጅቼ ነበር፣ ሮቶውን ጨምሮ። እሷ ግን ስለ ቅቤ ዋጋ ቀጠለች፣ ከዚያ ስለ እድሯ። ሳሮቹ ሰኔ ላይ ደርሰው ሸፈኑት። እሷ እንደምታውቅ እያወቅሁ፣ ከዚያው ወንበር ላይ ሆኜ፣ ሳሩን ከኋላዬ አድርጌ እደውልላታለሁ።