የነከሰችኝ እንግዳ

አንባቢ ሆይ፤ ዝናብ ባደረ ማግስት በማገዶ ክምር ሥር እጅዎን ሰደው ያውቃሉ? እኔ ሰድጃለሁ፤ ያገኘሁትንም እነሆ አጫውትዎታለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን ከማድ ቤታችን ጀርባ ከተከመረው እንጨት ሥር ቀጭን ጩኸት ሰማሁ። እናቲቱን አውቃታለሁ፤ በአጥር ላይ እየተመላለሰች የሰፈሩን አይጥ የምትፈጅ፣ ሰው ሲጠጋት ግን እንደ ነፋስ የምትጠፋ ግራጫ ድመት ነበረች። ከሁለት ቀን በፊት መኪና ገጭቷት መንገድ ዳር ወድቃ አይቻታለሁ። እንግዲህ ልጇ መሆን አለባት ብዬ እንጨቱን ገለጥ አድርጌ ያዝኋት። ከጭብጥ የማትበልጥ ፍጥረት አውራ ጣቴን እስኪደማ ነከሰችኝ።

ባለቤቴ ደሙን ባየች ጊዜ «በል ዛሬውኑ ከግቢ አውጥተህ ጣልልኝ» አለች፤ እኔም በዚያች ሰዓት ከእርሷ የተለየ አሳብ አልነበረኝም። ዳሩ ግን የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ድመትም ታስተላልፈዋለች፤ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ካጠብሁ በኋላ ወደ ሐኪም ሮጥሁ። መርፌውን የወጋችኝ ነርስ «ድመቷን እንዳይጥሏት፣ እንዳይገድሏትም፤ ዘግተው 10 ቀን ይመልከቷት» አለችኝ። 10 ቀን በጤና ከቆየች፣ በነከሰችኝ ጊዜ በሽታው በምራቋ አልነበረም ማለት ነውና የቀረው መርፌ ይቀርልኛል። ያቺን ፍጥረት ከመጣል ያዳናት እንግዲህ መንከሷ ነው።

በዕቃ ቤት ዘጋንባት። ካርቶን በጎኑ አጋድሜ አሮጌ ሹራብ አነጠፍሁላት፤ በሳፋም አሸዋ አኖርሁላት፤ አሸዋውን ማንም ሳያስተምራት አወቀችበት። ጠባብ ቤት የሰጠናት በንፉግነት አይደለም፤ የፈራ እንስሳ ሰፊ ቦታ ካገኘ መሸሸጊያ ሲፈልግ ይውላል እንጂ ሰው አይለምድም።

ያስጨነቀኝ ዕድሜዋ ነው። የድመት ልጅ ሰውን እንደ ወዳጅ ለመቀበል ልቧ ክፍት የሚሆነው ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በአሜሪካ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ኤይሊን ካርሽ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህንን አጥንታ፣ በጨቅላነታቸው በሰው እጅ የተዳሰሱት ካልተዳሰሱት ይልቅ ወደ ሰው እንደሚቀርቡ አሳይታለች። የእኛይቱ ግን የሕፃንነት ሰማያዊ ዓይኗ ወደ ቢጫ ዞሯል፤ የወተት ጥርሷም መሙላቱን አውራ ጣቴ ይመሰክራል። መሽቶብን ነበር ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያደረግሁት ነገር ቢኖር ጀርባዬን ሰጥቻት መሬት ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ ድምፄን ዝቅ አድርጎ ማንበብ ነው። ለድመት አፍጥጦ ማየት ጠብ መፈለግ ነው። ስትመለከተኝ ዓይኔን በዝግታ ጨፍኜ በዝግታ እገልጣለሁ፤ ይህ በድመት ዘንድ የሰላም ምልክት እንደሆነ የእንግሊዝ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ጽፈዋል። ባለቤቴ በበሩ ቀዳዳ አይታኝ «እንቅልፍህ ከመጣ አልጋህ ውስጥ አትተኛም?» አለችኝ።

ምግቡን አስቀምጬላት አልወጣም፤ ከእኔ ዘንድ ብቻ መምጣቱን እንድታውቅ ማንኪያ ከረጅም እንጨት ጋር አስሬ አቀርብላታለሁ፤ እንጨቱንም በየቀኑ አሳጥረዋለሁ። ወተት አልሰጠኋትም፤ የላም ወተት ብዙ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። የቸገረን ሥጋው ነው፤ ፍልሰታ ገባ! «ሰው በሚጾምበት ቤት ድመት ሥጋ ትብላ?» የሚል ክርክር ተነሣ። ድመት ግን መጾም አትችልም፤ ታውሪን የሚባለውን ነገር ከሥጋ ካላገኘች ዓይኗ ይታወራል፣ ልቧም ይደክማል። ሙስሊም ጎረቤታችን እትዬ ነገሩን ሰምተው እየሣቁ የጉበት ቁራጭ በልጃቸው እጅ ይልኩልን ጀመር።

ነሐሴ 2 ቀን 10ኛው ቀን ሞላ። ድመቷ ደኅና፣ እኔም ደኅና፤ መርፌው ቀረልኝ። «እንግዲህ ምን ቀረህ?» አለች ባለቤቴ። እስከ ፍልሰታ ፍቺ ድረስ ብቻ ብዬ ለመንኋት። በ6ኛው ቀን ከእጄ እየበላች ሳለ ከጆሮዋ ሥር በአንድ ጣት ነካኋት፤ ሰውነቷ ደረቀ፤ ግን አልሸሸችም። ማግስቱን የድስት ክዳን ከማድ ቤት ወደቀና ያ ሁሉ ልፋት ፈረሰ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከካርቶኑ አልወጣችም፤ ፀጉሯን አቁማ ፍሽሽ ትለኝ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

በፍቺው ዕለት እኔ ቤተ ክርስቲያን ቆይቼ ስመለስ የዕቃ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ወይ ጉድ፣ ጣለቻት ብዬ ገባሁ። ባለቤቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ በአጠገቧ የዶሮ አጥንት የለቀመችበት ሳህን፤ በነጠላዋ ጫፍ ላይ ደግሞ ያቺ ነካሽ ተጠቅልላ፣ ከጉሮሮዋ እርር የሚል ድምፅ ታሰማለች።

«ቀስ በል፤ ታስደነግጣታለህ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ውሮ አልናት። ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ ክትባት አስወጋናት፤ ቆይቶም እንዳትወልድ አስመከንናት። ዛሬም እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ ከቁም ሣጥን ሥር ትገባለች፤ ይህ የሚለቃት አይመስለኝም። ማታ ማታ ግን ከባለቤቴ ጉልበት አትወርድም፤ ወደ እኔ የምትመጣው ጋዜጣ ስዘረጋ ብቻ ነው፤ ያውም ከማነብበው ገጽ ላይ ለመተኛት።