ባሕር ባይኖር ጣና አለ

አውሮፕላንና ጀልባ ፎቶ ማንሳት ሱሴ ነው። ለዚህ ደግሞ አዘዞ ትመቻለች፤ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለው እዚሁ ነው። ባለ ፕሮፔለሩ ሲነሳ ሹተሩን 1/125 ላይ አድርጉት። በጣም ካፈጠናችሁት ፕሮፔለሩ የቆመ፣ አውሮፕላኑም ሰማይ ላይ የተሰቀለ አሻንጉሊት ይመስላል።

ግን እናንተዬ፣ ፎቶ ከነፃነት አይበልጥም! ቦታው በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሮኬት የተተኮሰበት ነውና ጥበቃ ካሜራ ቢጠረጥር አይግረማችሁ። እኔ መጀመሪያ እጠይቃለሁ። «አይቻልም» ካሉኝ ክርክር የለም፤ መኪና ተሳፍሬ ጎርጎራ እወርዳለሁ። አመሻሽ ላይ የደንገል ታንኳ በቀላው የጣና ውሃ ላይ ጥላ ብቻ ሆኖ ሲያልፍ የባሕር ናፍቆቴ ይወጣልኛል። ቀዛፊውንም ቢሆን «አባባ፣ ላንሳዎት?» ማለት ነው። እሺታ ያለበት ፎቶ ለማንም ቢያሳዩት አያሳፍርም።