ከአዘዞ ቁልቁል፦ ወባና የደምቢያ ጤና ኬላዎች

ከአዘዞ ወደ ቆላድባ ሲወረድ ተራራው ወደ ኋላ ይቀርና ሜዳው እስከ ጣና ይዘረጋል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ የክረምቱን ውሃ ቶሎ አያሰርግም። የመገጭና የድርማ ወንዞች ሞልተው ሲጎድሉ በየማሳው ዳርና በከብት ኮቴ ሥር ውሃ አቁረው ይቀራሉ። ጤፉ በሚያዘረዝርበት በመስከረምና በጥቅምት የወባ ትንኝ የምትራባው እዚሁ ነው።

ይህ ሜዳ ያለበት ደምቢያ ወባን አሳምሮ ያውቀዋል። በ1940ዎቹ አጋማሽ በሽታው አካባቢውን ፈጅቶ ነበር፤ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ኮሌጅ ለመከፈቱ አንዱ ምክንያት ያ እልቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ብዙውን የሀገሪቱን ክፍል አዳርሶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመ፣ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል።

ዛሬ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚዘልቅ ሰው ጤና ኬላ ያገኛል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተመደቡት ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው እስከ 5 ሺህ ሕዝብ ያገለግላሉ። ትኩሳት ያለበት ሰው ሲመጣ ጣቱን ወግተው አንዲት ጠብታ ደም መመርመሪያው ላይ ያሳርፋሉ፤ ውጤቱ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይታያል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ከሆነ ኮአርተም የተባለው መድኃኒት ጠዋትና ማታ ለሦስት ቀን ይዋጣል። ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ከሆነ ግን ሕክምናው ይረዝማል። ተሕዋሱ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከወራት በኋላ ስለሚነሣ ከክሎሮኪን ሌላ ለ14 ቀን ፕሪማኪን መዋጥ ያስፈልጋል። ታማሚው ትኩሳቱ ሲለቀው ኪኒኑን ይተዋል። ቤቱ ድረስ ሄዳ «ጨረስክ ወይ?» ብላ የምትጠይቀው የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ይህን ሩቅ ያለ ሆስፒታል አይሠራውም።

አጎበር በየቤቱ ታድሏል፤ የሚዘረጋው ግን በሁሉም ቤት አይደለም። ሰብል ሊጠብቅ ማሳ ላይ የሚያድረው ሰው ደግሞ አጎበሩም የግድግዳው የፀረ-ትንኝ ርጭትም አይደርሱለትም።

እ.ኤ.አ. በ2024 በሀገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ተመዝግቧል፤ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ 1 ሚሊዮን አይሞላም ነበር። ደምቢያ በሚገኝበት በአማራ ክልል ግጭት መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱ ከጤና ኬላ ሳይደርስ ይቀራል። መመርመሪያ ያለቀባት ሠራተኛ ታማሚውን ወደ ጤና ጣቢያ ለመላክ ልትገደድ ትችላለች፤ በሰዓታት ውስጥ የሚብስበት ሕፃን ያን መንገድ ላይዘልቀው ይችላል።

ለደምቢያ የሚመደበው ኮአርተም፣ ፕሪማኪንና መመርመሪያ ዝናቡ ሳያባራ፣ ገና በነሐሴ፣ ጤና ኬላ ይግባ። ጤና ቢሮውም፣ መንገዱን የያዙት ወገኖች ሁሉም፣ ይህን የጫነውን መኪና ያሳልፉ።